ከቅጹ ላይ የተሰረዘው አገር

አያቴን ጅማ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። «አረቡ» ነው የሚሉት። ሱቁ «አረቡ ጋ» ይባላል፤ እኔም «የአረቡ ልጅ» ነበርኩ። እናቴ አዲስ አበባ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ጡት እንዳስጣለችኝ ለእሱና ለሚስቱ ትታኝ ስለነበር ያደግኩት በቾ ቦሬ ሰፈር እነሱ ቤት ነው፤ እሱን አባባ፣ እሷን እማማ እያልኩ።

እማማ በልጅነቷ ነጋዴ ወንድሟን ተከትላ ከስልጤ የመጣች ሴት ናት። አባባ ደግሞ ከየመን፣ ከሆዴይዳ። ስለዚህ የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ሆነ። የእሷ አማርኛ ይሮጣል፤ የእሱ ያነክሳል። ሴቷን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጋል፤ እኔን እስከ መጨረሻው እንደ ወንድ ልጅ ነው ያናገረኝ። ፖስታ ቤትን «ቦስታ ቤት» ይላል። ኦሮምኛማ ጭራሽ አይናገርም። ይህ ጅማ ላይ ለሚኖር ሰው የሚያስቸግር ነገር ነው፤ ገበያውም፣ ለቅሶውም፣ ሰርጉም ኦሮምኛ ነውና። ገበሬ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ በኦሮምኛ ሳሙና ሲጠይቀው አባባ እጁን እያወናጨፈ «አይገባኝም» ይላል፤ እማማ ከጓዳ ወጥታ ታስተረጉማለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከተማው ውስጥ ኖሮ እንዲህ መሆኑ ሰውን ያስቀው ነበር። «የባሕር ድምፅ ጆሮውን ደፍኖበት ነው» ይሉ ነበር ጎረቤቶቻችን።

ባሕሩ እውነት ነው። በወጣትነቱ ከኤደን ተነስቶ በእንግሊዞች መርከብ ሆድ ውስጥ ከሰል እየዛቀ እሳት ሲመግብ የኖረ ሰው ነበር። ቦምቤይን፣ ፖርት ሳይድን፣ ማርሴይን ያውቃል። ክንዱ ላይ ፍም ያቃጠላቸው ትናንሽ ጠባሳዎች ነበሩት፤ እያንዳንዱን በወደብ ስም ይጠራዋል። ማርሴይ ላይ መጀመሪያ በረዶ ያየ ቀን ሰማዩ እየተላጠ የሚወርድ መስሎት ተመልሶ መርከቡ ውስጥ እንደተደበቀ፣ ቦምቤይ ላይ ደግሞ በጠባብ መንገድ ዝሆን ፊት ለፊት ገጥሞት የማያውቀው ሰው ቤት ገብቶ እንደዋለ ይነግረን ነበር። አስተማሪያችን የዓለም ካርታ ሲሰቅል ወደቦቹን አስቀድሜ የማውቃቸው እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ፣ ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ አንድም ስለ ልጅነቱ የሚያወራ አልነበረም። ወሬው ሁሉ የሚጀምረው መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ወላጆቼ ሞተዋል፣ ዘመድ የለኝም ብሏል፤ እኛም ከዚያ ወዲያ አልጠየቅነውም።

አንድ ልማድ ነበረው። በየዓመቱ ቡና ተለቅሞ ከደረቀ በኋላ የቤታችንን ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ሊገዛ በአጋሮ መንገድ ወዳለችው ወደ የቡ ይሄዳል። ቡና እንደሆነ ጅማ ደጃችን ድረስ ይመጣል። እማማ «የየቡ ቡና ምን የተለየ ነገር አለው?» ትለዋለች፤ እሱ «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋታል። የሚገዛውም ሁልጊዜ ባሏ ከሞተባት ከአንዲት አሮጊት ቤት ነበር። ሁለት ጊዜ አብሬው ሄጃለሁ። ሴትዮዋ በኦሮምኛ ታወራለች፤ እሱ በአማርኛ ይመልሳል፤ እኔ መሐል ሆኜ አስተረጉማለሁ። ውሃ ትሰጠዋለች። ይጠጣል፤ ትንሽ ይቀመጣል፤ ጀንፈሉን ተሸክመን እንመለሳለን።

አሥረኛ ክፍል ስደርስ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ቆይቶ ነበር፤ የከተማው አረቦችም አንድ በአንድ እየሄዱ ነበር። የአባባ ሱቅ አንድ ማለዳ ታሽጎ አገኘነው፤ የውጭ ዜጋ ንብረት መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አብረውት ጫት የሚቅሙት የየመን ሰዎች በጭነት መኪና አሰብ ወርደው፣ ከዚያ በጀልባ ሊሻገሩ ተስማምተው ነበር። ለእኛም የሦስት ሰው ቦታ ያዙልን። እማማ እያለቀሰች ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመረች። እኔ የማላውቀው አገር ሄጄ ስንተኛ ክፍል እንደሚያስገቡኝ አስብ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከቀበሌ ቅጽ መጣ። የውጭ አገር ሰው የሆነ ሁሉ ሞልቶ መመለስ አለበት። አባባ የሚያነበው አረብኛ ብቻ ስለነበር የምሞላው እኔ ነበርኩ። ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። እማማ አጠገባችን ልብስ ታጥፋለች። ስሙን ጻፍኩ። «የትውልድ ቦታ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳልጠይቀው «የመን» ብዬ ጻፍኩ።

«እዚያ ምን ብለህ ጻፍክ?» አለኝ።

«የተወለዱበትን ነዋ። የመን።»

«ሰርዘው።»

ከተማውን እንድጽፍለት የፈለገ መስሎኝ «ሆዴይዳ ልበል?» አልኩት።

«የቡ በል።»

በአማርኛው የተሳሳተ መሰለኝ፤ ይሳሳታልና። «አባባ፣ ቡና የምንገዛበትን አይደለም የሚጠይቀው። የተወለዱበትን ነው» አልኩት።

«ገብቶኛል። የተወለድኩት የቡ ነው።»

እማማ የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች። «ምንድነው የሚለው ይሄ ሰውዬ?» አለች፤ የጠየቀችው እሱን ሳይሆን እኔን ነበር።

ጠረጴዛውን እያየ ነገረን። ስምንት ዓመት ግድም ሲሆነው፣ ቤታቸው በእንግድነት ያድር የነበረ ነጋዴ ቡና ማሳ ውስጥ አገኘው። «አባትህ ለእኔ ሰጥቶሃል፤ ተነስ እንሂድ» አለው። ሄደ። ከሌሎች ልጆች ጋር ቀላቀሉት። ስንት ወር እንደተጓዙ አያውቅም፤ ብቻ መጨረሻው ታጁራ ላይ ባሕር ነበር። በጀልባ አሻግረው ሆዴይዳ ላይ ለአንድ የተምር ነጋዴ ሸጡት። ጌታው ሊሞት ሲል ነፃ አወጣው፤ ያኔ ወጣት ሆኗል፤ ኤደን ሄዶ መርከብ ላይ ተቀጠረ። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁ የሱቅ ዕቃ እንደሚቆጥር ሰው ድምፅ ነበር። «ባሪያ ነበርኩ» አለ። ያንን ቃል በቤታችን ውስጥ ሲነገር ሰምቼው አላውቅም።

እማማ ሸሚዙን አንስታ እንደገና አጠፈችው። ከዚያ ዝግ ብላ «ልጅ ወልጄልሃለሁ» አለችው። «ልጅ ወልጄልህ፣ የልጅ ልጅ አሳድጌልህ፣ አንዲት ቃል?»

«አባቱ የሸጠው ሰው ነኝ ብዬ ለማን ልንገር?»

«ታዲያ ለምን ተመለስክ?»

«አላውቅም። ልይ ብዬ መጣሁ። አየሁ። ቀረሁ።»

«ኦሮምኛውስ?» አልኩት እኔ።

«አንድ ቃል ከአፌ ከወጣች ከየት እንደሆንኩ ያውቁኛል።»

እማማ ወደ ሻንጣው አየች። «መኪናው ላይ ቦታ አለን። ዝም ብለህ ኖረህ የለ? ዝም ብለህ መሄድ ትችል ነበር። ምን አስወራህ አሁን?»

«አንዴ ከዚህ አገር ሰው ይዞኝ ወጥቷል» አለ። «ሁለተኛ ማንም አያወጣኝም።» ቀጥሎም እንደ ትንሽ ነገር፣ «ያቺ ቡና የምትሸጥልን ሴት እህቴ ናት» አለ።

እማማ ተነስታ ወጣች። ለሦስት ቀን አላናገረችውም። ምግቡን በእኔ እጅ ትልክለታለች፤ ስትተኛም ከእኔ ጋር ትተኛ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የተኛሁ መስሏት ይሁን አይሁን እንጃ፣ «ማንን ነው ያገባሁት?» ስትል ሰማኋት።

ቅጹን ወስጄ ለቀበሌው ሊቀመንበር ሰጠሁት። አንብቦ ሳቀ። «አረቡ? የየቡ ልጅ?» አለ። ከዚያ ሳቁን ተወና ላለመሄድ የፈጠረው ዘዴ መሆኑን ነገረኝ። «ከሆነ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች መጥተው ይመስክሩ። አንዱ የሥጋ ዘመድ ይሁን» ብሎ የአንድ ቀን የይለፍ ወረቀት ጻፈልን።

በማግስቱ ጠዋት ከአባባ ጋር ልንወጣ ስንል እማማ ሻሿን አስራ በሩ ላይ ቆማ አገኘናት። «እኔም እሄዳለሁ» አለች። ወደ አጋሮ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርን። አባባና እማማ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዳቸው አንዳቸውን ሳያዩ የቡ ደረስን።

አሮጊቷ ግቢዋ ውስጥ ያሰጣችውን ቡና በእግሯ እያገላበጠች ነበር። ስታየን እንደ ወትሮው ውሃ ልታመጣ ዞረች። አባባ አልተቀመጠም። ባርኔጣውን አወለቀና «አኒ ኦቦሌሳ ኬ» አላት። እኔ ወንድምሽ ነኝ ማለቱ ነው። ከእሱ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው የኦሮምኛ ቃል ይህ ነበር። እንከን የለውም፤ አላነከሰም፤ የየቡ ሰው እንደሚናገረው ነው የተናገረው።

አሮጊቷ ወደ እኔ ዞረች። ለዓመታት እንደለመደችው እንዳስተረጉምላት ትጠብቅ ነበር።

በራሷ ቋንቋ እንዳናገራት ያን ጊዜ ነው የገባት። ፊቷ ጠቆረ። «ወንድሜ ሞቷል» አለችው በኦሮምኛ። «ሳላውቀው የሞተ ወንድም ነበረኝ። ማን ነገረህ? መሬት ፈልገህ ነው? የቀበሌ ሰው ነው የላከህ? በዚህ ዕድሜህ አታፍርም?»

አባባ አልተቆጣም። እዚያው ቆሞ፣ ቀስ እያለ፣ አንዳንድ ቃል እየጠፋው ነገራት። «በጀርባዬ አዝዬሽ ነበር። ሰውዬው አውርዳት አለኝ። ዋንዛው ሥር አወረድኩሽ። እንዳታለቅሺ ብዬ ቀይ ቡና በእፍኝሽ ሞላሁልሽ። ዞሬ ሳይሽ አላለቀስሽም። ቡናውን ትመጥጪ ነበር።»

አሮጊቷ ባለችበት፣ ቡናው ላይ ተቀመጠች። መሬቱን እያየች ተናገረች። «እናቴ ስታገኘኝ አፌም ደረቴም ቀይ ነበር አሉ። ደም መስሏት ራሷን ሳተች። ይህንን የነገረችኝ እሷ ናት። ለባሌ አልነገርኩም። ለልጆቼ አልነገርኩም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «በየዓመቱ ውሃ ስሰጥህ ኖሬ» አለችው። «ደጄ እየተቀመጥክ ጠጥተህ ትሄዳለህ። ለምን?»

«አባታችን ሸጦኛል። በሸጠኝ ሰው ቤት ምን ብዬ ልግባ?»

«ማነው ሸጦሃል ያለህ?»

«የወሰደኝ ሰውዬ።»

ራሷን ነቀነቀች። «አባታችን አልሸጠህም» አለችው። «የዚያኑ ዕለት ጦሩን ይዞ ተከትሎህ ወጣ። ጊቤ ወንዝ ድረስ እንዳዩት መንገደኞች ነግረውናል። ከጊቤ ወዲያ ያየው የለም። እኛ ቤት የጠፋው አንተ ብቻ አይደለህም። እናታችን ሁለት ለቅሶ አንድ ላይ ነው የተቀመጠችው።»

አባባ ያልሰማ ይመስል «አልሸጠኝም?» አላት። «አልሸጠህም» አለችው። እንደገና ጠየቃት፤ እንደገና መለሰችለት። ግድግዳውን ተደግፎ እየተንሸራተተ ቁጭ አለ። ቦምቤይ፣ ማርሴይ፣ ያ ሁሉ ዓለም፣ አንድ እንግዳ ነጋዴ ቡና ማሳ ውስጥ በነገረው ውሸት ላይ የተሠራ ኑሮ ነበር። የሚሆነውን ማየት ስላቃተኝ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ። ዞር ስል እማማ፣ ሦስት ቀን ያላናገረችው እማማ፣ ፊቱ ተንበርክካ የጫማውን ማሰሪያ ትፈታለታለች። ውሃ አምጪ አለችኝ። እግሩን አጠበችለት። አሮጊቷም ተነስታ መጣችና ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይነ ስውር እንደሚያደርገው፣ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን ዳሰሰች። አባቷን ይምሰል አይምሰል አታውቅም፤ አባቷን አታስታውሰውም።

በሳምንቱ አሮጊቷ አንድ ጎረቤቷ የሆኑ ሽማግሌ አስከትላ ጅማ መጣች። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወንበር ሲሰጧት አልቀመጥም ብላ ቆማ መሰከረች። ሽማግሌው ደግሞ የሁለቱን አባት መጥፋት ከወላጆቻቸው እንደሰሙ ተናገሩ። ሊቀመንበሩ ረጅም ጊዜ ሲጽፍ ቆየ። ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ አባባን «እርስዎ ይህን ሁሉ ዓመት አረብ ነኝ ብለው ለምን ዋሹ?» አለው።

«እኔ አረብ ነኝ አላልኩም» አለ አባባ። «እናንተ አላችሁ። እኔ ዝም አልኩ።»

መታወቂያውን ሰጡት። ኢትዮጵያዊ ይላል። ሱቁ ግን አልተከፈተም፤ አንዴ ተወርሷል ተባለ። አባባም ደግሞ አልጠየቀም። የየመን ጓደኞቹ ሲሰሙ የሆኑትን መቼም አልረሳውም። አንደኛው፣ አባባ የልቡን ሁሉ የሚያወራለት የሚመስለኝ ሰው፣ «ሠላሳ ዓመት ከእኔ ጋር ተቀምጦ?» ብሎ ለመሰናበት ሳይመጣ ሄደ። ጭነት መኪናው ሦስት ሰው ጎድሎት አሰብ ወረደ።

አባባ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ፤ ግማሹን ጅማ፣ ግማሹን የቡ። ኦሮምኛውን ሊሰሙ ብቻ ቤታችን የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ሲሰሙት ይበልጥ ይደነግጡ ነበር፤ ምክንያቱም የሚያወራው እንደ ስምንት ዓመት ልጅ ነው። ቋንቋው ከዚያ ዕድሜ በላይ አላደገም። ስለ ጥጃ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ እናት ሲያወራ ያምርበታል፤ ስለ ቀበሌ ወይም ስለ ሕመሙ ሊያወራ ሲል ቃል ያጣና ወደሚያነክሰው አማርኛው ይመለሳል። ጥርስ የሌለው ሽማግሌ የሕፃን ቃል ሲናገር እህቱ አፏን በሻሿ ሸፍና ትስቃለች፤ ስቃ ስትጨርስ ታለቅሳለች። እማማም ይቅር አለችው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይመስለኝም። ሰው ፊት ምንም አትለውም። ብቻ አንዳንዴ ቡና እየለቀመች ቀና ትልና እንደ እንግዳ ሰው ትክ ብላ ስታየው እደርስባት ነበር።

ከእነዚያ ዓመታት ከሁሉ በላይ የማስታውሰው አንድ መንገድ ነው። እናቴ የጻፍኩላትን ደብዳቤ አላመነችም፤ ከአፉ ልስማ ብላ አዲስ አበባ አስጠራችን። የይለፍ ወረቀታችንን ይዘን እኔና እሱ ተሳፈርን። ጊቤ ስንደርስ አውቶቡሱ ለፍተሻ ቆመ። ሙቀቱ ያፍናል። አባባ ሹፌሩን «ከየቡ እዚህ በእግር ስንት ቀን ይፈጃል?» አለው።

ሹፌሩ አሰበ። «ለብርቱ ሰው ስድስት ሰባት ቀን። ለምን ጠየቁ?»

አልመለሰለትም። እጄን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ውሃው ድፍርስ ነበር። ጫማውን አውልቆ ውዱእ አደረገና ድንጋይ ላይ ሰገደ። ሲጨርስ እጆቹን ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ በየሶላቱ ለወላጆቹ ዱዓ ማድረግ ያለበት ቦታ ሲደርስ ለእናቱ ብቻ ነበር የሚያደርገው። አባቱን ይዘላል። በቀን አምስት ጊዜ፣ ስልሳ ዓመት ገደማ።

«ስሙን ሳላነሳው» አለኝ። «እሱ እዚህ ድረስ መጥቶ።»

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለሚናገር ሰው ምን እንደሚባል ማንም አላስተማረኝም። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ዳገቱን ደግፌ አወጣሁት፤ ከወትሮው ይልቅ የከበደኝ መሰለኝ። መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። እስከ ወልቂጤ ድረስ አንገቱን አዙሮ ወደ ወንዙ ወገን ያይ ነበር።